ለተማሪዎች የተነገረ ቃልና ዕዳው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ንግግር ጥበብ መነሣቱ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። የመሐንዲስ ሥራ ከቁጥር፣ ከድንጋይ፣ ከብረትና ከውሃ ጋር እንጂ ከቃል ጋር አይደለም የሚለው አስተሳሰብ የቆየና የተለመደ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ቢመረመር፣ ወጣቱን ከቀዬው አንሥቶ ወደ ሒሳብ ደብተርና ወደ መለኪያ መሣሪያ የመራው አስቀድሞ ቃል ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የአገር መሪ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቤተ መንግሥት አዳራሽ ወይም በአደባባይ ለተማሪዎች የተናገረው ቃል ነው።

ቃሉም በከንቱ የቀረ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመው በአውራ ጎዳና ባለሥልጣንና በየመሥሪያ ቤቱ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ሥራ የተረከቡት፣ በ1945 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅ የገቡትም ወጣቶች፣ ተምሮ አገርን ማገልገል ግዴታ መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ያደጉ ነበሩ። ስለዚህ የንግግሩን አሠራር መመርመር የሙያውን መነሻ ከመመርመር የተለየ አይደለም።

በዚህ ንግግር የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። መሪ ለተማሪ የሚናገረው ቃል ከሌላው የፖለቲካ ንግግር የሚለየው ዕዳ የሚያስይዝ በመሆኑ ነው። ተናጋሪው ወጣቱን ባለዕዳ መሆኑን ያስታውሰዋል፤ ወጣቱም ካመነ ዕዳውን በጫንቃው ይሸከማል። ጎልማሳ አድማጭ ከመሪ ንግግር ላይ እንደ ልማዱ ቀንሶ ይሰማል፤ ተማሪው ግን ሳይቀንስ ይወስዳል። ሳይቀንስ የወሰደ ሰው ደግሞ ዕዳውን ለማን እንደሚከፍል መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ቃሉ ዞሮ ተናጋሪውን ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ይህ ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፣ በሁለት የተለያዩ መንግሥታት ዘመን፣ ሁለት ጊዜ ደርሷል።

የኮተቤው ትምህርት ቤት

ከየካ ሚካኤል ወደ ምሥራቅ የእንጦጦን ተራራ ግርጌ ይዞ የሚሄደው መንገድ ወደ ኮተቤ ያመራል። ከበላይ ባሕር ዛፍ የለበሰው ኮረብታና ከቋጥኝ የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል፣ ከታች ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ፣ በኮተቤ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ተከፈተ። ዛሬ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ በኮተቤ ነው፤ መንደሩም እስከ አሁን ስሙ ከመምህርና ከተማሪ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

የዘመኑ ሁኔታ መታወስ ይገባዋል። አገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ የፋሺስቱ ጦር የተማሩ ወጣቶችን እየለየ ስለ ፈጀ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የሚጨብጥ ሰው እንኳ በብዙ ድካም ይፈለግ ነበር። በመሆኑም ከኮተቤ የሚወጣው እያንዳንዱ ተማሪ ለራሱ ብቻ ሳይሆን በሞት ስለ ተቀደመው ሌላ ወጣት ጭምር የሚማር ያህል ይቆጠር ነበር።

የምረቃው ዕለት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በስማቸው ነበር። የትምህርት ሚኒስትርነቱንም ሥራ ይዘውት የነበሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ተማሪው ገና አንዲት ቃል ከመስማቱ በፊት፣ ዕለቱም ስሙም ሹመቱም አንድ ነገር ነግረውታል፦ ይህን ትምህርት የሰጠህ አባት አለ። ከዚያም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን አዘውትረው መጎብኘታቸው፣ በገና በዓልም ለሕፃናት ስጦታ ማደላቸው ይህንኑ የአባትነት መልክ የሚያጸና ነበር።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ እነርሱም የተናጋሪው ማንነት የሚያሳድረው እምነት፣ በአድማጩ ልብ የሚቀሰቀሰው ስሜትና የነገሩ ማስረጃ ናቸው። በኮተቤ ሦስቱም ባንድነት ይሠሩ ነበር። እምነቱ ከሰጪው ግርማ ይመነጫል፤ ስሜቱ የተቀባዩ ምስጋና ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ማንም ሊክደው የማይችለው የአገሪቱ ችግር ነው። ከሦስቱ ይልቅ ጠልቆ የሚገባው ግን ምስጋናው ነበር። ውለታ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ገንዘብ ብድር ተቆጥሮ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም። ውለታ ቢስ መባል ከድህነት የከፋ ነውር ነው፤ አደራ የበላ ሰው ደግሞ በሽማግሌ ፊት አፉን ሞልቶ አይናገርም። ስለዚህ በአባት አፍ የተነገረ አደራ ሕግ ሳያስፈልገው ያስገድዳል።

የመሰናበቻው ምክር

የዚህ ዓይነቱ ንግግር ኃይል ጎልቶ የሚታየው ወጣቶች ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ነበር። ሂያጆቹ ከጉዟቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ምክር ይቀበሉ ነበር። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት፣ በኋላ የዓለም ሎሬት የተባሉት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እርሳቸው በሕይወት ዘመናቸው ደጋግመው እንዳወሱት የምክሩ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነበር፦ ጠንክራችሁ ሥሩ፤ ስትመለሱ በአውሮፓ ስላያችሁት ረጅም ሕንፃና ሰፊ ጎዳና አታውሩን፤ ይልቁንም ኢትዮጵያን መልሶ ለመገንባት የሚያስችል ዕውቀትና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ።

የዚህ ምክር አሠራር ለመሐንዲስ የተለየ ትርጉም አለው። ሕንፃና ጎዳና የምሕንድስና ሥራ ውጤቶች ናቸው፤ ወጣቱም ባሕር ተሻግሮ ሊያይ የሚጓጓው እነርሱኑ ነው። ምክሩ የሚጀምረው ግን ይህን ጉጉት በመከልከል ነው። ውጤቱን ተወው፤ ውጤቱን የሚያስገኘውን ችሎታ አምጣ ይላል። ክልከላው ወጣቱን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት ከፍ ያደርገዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ ገልጾ አስተሳሰብንም ይጠይቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ወጣቱ መመለሱን እንደ ተቆረጠ ነገር ቆጥሮ ይናገራል። ትመለሳለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ስትመለስ ይላል። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እምነቱን ማጠፍ ይከብደዋል።

የሆነውም ሌላ ቁም ነገር ያስተምራል። አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን መሐንዲስ ሆነው አልቀሩም፤ በለንደን የሥዕል ጥበብ ተማሩ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሚታየውንና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕል ሠሩ፤ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም አገራቸውን በሙያቸው አስጠሩ። ትእዛዙ የማዕድን ምሕንድስና ነበር፤ የተከፈለው ግን በመስተዋትና በቀለም ነው። ዕዳው ግን አልተካደም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ምክንያቱን ገልጦ የሚነግር ንግግር አድማጩን የአከፋፈሉን መንገድ ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል የሚል ነው። ይህ የንግግሩ ታላቅ ጥንካሬ ነበር። ከጊዜ በኋላ ተናጋሪውን ያስቸገረውም ይኸው ጥንካሬ ነው።

አበዳሪው ማን ነው?

በኮተቤና በቤተ መንግሥት አዳራሽ በተነገሩት ቃላት ውስጥ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ተሸሽጎ ነበር። ተማሪው ባለዕዳ ከሆነ አበዳሪው ማን ነው? ዘውዱ ነውን? ወይስ አገሪቱ? ንግግሩ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ያልፋቸው ነበር። ሁለቱ አንድ ሆነው እስከ ታዩ ድረስ ችግር አልነበረም፤ ለአንዱ የከፈለ ለሌላውም ከፍሏልና። ተማሪው የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ ሲያይ ግን ሒሳቡ መለየት ጀመረ።

በኮተቤው ትምህርት ቤት ከተማሩት መካከል ገርማሜ ንዋይ ይገኙበታል። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ተመለሱ። በወላይታ ገዥ በሆኑ ጊዜ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማከፋፈል ሞከሩ። ይህም ስላልተወደደ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከክቡር ዘበኛ አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆነው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ መሩ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተሰለፉ። ሙከራው ከሸፈ፤ ነገር ግን ከመክሸፉ በፊት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለሥልጣኖች ተገደሉ። ገርማሜም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህ ድርጊት የሚጠቀሰው ለማሞገስ አይደለም። በታገቱ ሰዎች ላይ የተተኮሰ ጥይት በምንም ዓይነት አደራ ስም ሊጸድቅ አይችልም። የሚጠቀሰው ስለ ቃል ኃይል በሚያስረዳው ነገር ነው። አገርህን አገልግል የተባለው የኮተቤ ተማሪ ቃሉን አልረሳም፤ ከመጠን በላይ አምኖት ነበር። የለወጠው አበዳሪውን ነው።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ከተለመደው የፖለቲካ መልስ የተለየ ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ልክ ከዓመት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሰጥተው መረቁ። ደም የፈሰሰበት ቤት የትምህርት ቤት ሆነ። ከዚህ የበለጠ የስጦታ ንግግር ሊኖር አይችልም። በምረቃው ንግግራቸውም ዩኒቨርሲቲው የሚያገለግለውን ሕዝብ ባህል መጠበቅና ማሳደግ እንደሚገባው አሳሰቡ። በዓለም ላይ በሰፊው የተደራጀ አሳሳች ፕሮፓጋንዳ እየተነዛ መሆኑን ገልጸው፣ ወጣቶች በሚፎካከሩት ሐሳቦች መካከል በማስተዋል ለመምረጥ እንዲችሉ ወላጆች፣ የሃይማኖት ተቋሞችና ዩኒቨርሲቲው ሊያዘጋጇቸው ይገባል አሉ።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በጥሞና መታየት አለበት። በሐሳቦች መካከል መምረጥ የተማሪው ድርሻ መሆኑ በመሪው አፍ ተነግሯል። ነገር ግን በዚያን ዘመን በአገሪቱ የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ምርጫው ተግባር ላይ የሚውልበት በርም አልተከፈተም። መሐንዲስ ይህን በሚያውቀው ምሳሌ ሊረዳው ይችላል፦ ውሃ ወደ ግድብ ይገባ ዘንድ ወንዙ ተጠልፏል፤ ሞልቶ ሲፈስ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ግን በፕላኑ ላይ አልተነደፈም።

ተማሪዎቹ ያገኙት መውጫ ራሱ የቃል መድረክ ነበር። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ‹‹ድኻው ይናገራል›› የተባለውን ግጥም አነበበ። ርእሱ ብቻውን የተለወጠውን ነገር ያስረዳል። እስከዚያ ጊዜ ስለ ድኻው የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር፤ በዚህ ግጥም ግን አበዳሪው ራሱ ቀርቦ ሒሳቡን ጠየቀ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት የሚያገለግሉበት ሥርዓት ተመሠረተ። አገልግሎቱ ንግግሩ በሥራ የተተረጎመበት መልካም ሥርዓት ነበር። ግን ጭሰኛውን በመጽሐፍ ብቻ ያውቅ የነበረውን ተማሪ ከጭሰኛው ደጃፍ አደረሰው። በዚያው ዓመት በየካቲት ተማሪዎች ‹‹መሬት ላራሹ›› እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱም በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የተማሪዎች ደም ፈሰሰ። በኮተቤ በልደት ቀን የተጀመረው የአባትና የልጅ ንግግር በዚህ አበቃ።

የዘመቻው ጥሪ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። ታኅሣሥ 11 ቀን ኅብረተሰብአዊነት የመንግሥቱ መመሪያ መሆኑ ታወጀ። በማግስቱ ታኅሣሥ 12 ቀን የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። የደርጉ ሊቀመንበር በዚያን ጊዜ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ። 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን፣ በመላ አገሪቱ ወደ ተቋቋሙ ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘምቱ ተጠሩ።

የአዲሱ መንግሥት የጥሪ ቋንቋ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የአባትነት ቃና የለውም። ባለዕዳነቱ ግን እንዳለ ቀርቷል። ተማሪው የተማረው በሰፊው ሕዝብ ላብ ነው፤ ስለዚህ ላቡን ለሰፊው ሕዝብ ይመልስ የሚል ነበር። ይህ ለተማሪው አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ለአሥር ዓመት ራሱ ሲናገረው የኖረ ነው። እዚህ ላይ የማሳመኛው ስልት ይገለጣል። መንግሥቱ የአድማጩን ቃል ተዋሰ፤ ‹‹መሬት ላራሹ›› ብሎ የተሰለፈውን ወጣት፣ እንግዲያው ሂድና አድርገው አለው። የራስን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ስልት መፈክሩ ነበር። ‹‹ኢትዮጵያ ትቅደም›› የሚለው ቃል ክርክር አያስተናግድም። ያመነታ ሰው ራሱን ከአገሩ ያስቀደመ ይመስላል። እንዲህ ያለው መፈክር ሐሳብን አያስረዳም፤ በር ይዘጋል። መፈክሩ መጀመሪያ ሲነገር ‹‹ያለ ምንም ደም›› የሚል ሐረግም ነበረው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣኖችና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ተማሪው ጓዙን ሳይጠቀልል ከጥሪው ቃል ግማሹ ፈርሶ ነበር።

ሦስተኛውን ስልት ማሳመኛ ማለት ያስቸግራል። ለመዝመት እምቢ ያለ ተማሪ ትምህርቱን እንዳይቀጥልና ሥራ እንዳያገኝ ተደነገገ። አንዳንድ ተማሪዎች አስቀድሞ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም የሚል ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ መልስ ሳያገኙ ዘመቱ። ጥሪና ቅጣት ባንድ አዋጅ ሲጻፉ አድማጩ አምኖ ሄደ ወይስ ፈርቶ ሄደ የሚለውን ማንም ሊለይ አይችልም፤ ተናጋሪውም ጭምር።

የዘማቾቹ ሥራ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ፊደል አስተማሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠሩ። የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበራትን ያደራጁት በብዙ ስፍራ እነርሱ ነበሩ። ቃሉን እንደ ተነገረው ሊፈጽሙት ሲነሡ ግን ከየአካባቢው ባለሥልጣንና ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ የሞቱም አሉ። ብዙዎች ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ የጠራቸውን መንግሥት ከሚቃወሙት መካከል በርካታ ዘማቾች ነበሩ። ቀጥሎ በመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ከነዚህ ወጣቶች ስንቱ እንደ ወጣ ቀረ። ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርጉ ውስጥ በተነሣው ሽኩቻ ተገደሉ። ‹‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ›› የሚለው የአበው ቃል ለተናጋሪም ለሰሚም ደረሰ።

ቃልና ደመወዝ

ዕዳ የሚያስይዝ ንግግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተማረውን ሰው በረኃብ በተያዘ መንደር ከሚኖር ሰው ጋር አመሳስለውት ነበር። የመንደሩ ሕዝብ ያለውን ምግብ ሁሉ ለአንድ ሰው ይሰጠዋል፤ በርትቶ ሩቅ ሄዶ ስንቅ እንዲያመጣላቸው ነው። ያ ሰው በልቶ ቢቀር ከሐዲ ነው። ይህ ምሳሌ ከኮተቤውና ከዘመቻው ንግግር የሚለየው አበዳሪውን በግልጽ በማሳየቱ ነው፤ አበዳሪው የተራበው መንደር እንጂ ተናጋሪው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የግዴታ ብሔራዊ አገልግሎትን በመቃወም ተሰለፉ። ከተቃውሟቸው አንዱ ምክንያት የአገልግሎቱ ክፍያ ማነስ ነበር። ኔሬሬ ተቆጥተው ወደ አራት መቶ የሚጠጉትን ወደየቤታቸው ሰደዷቸው። ነገር ግን በዚያው ዕለት የራሳቸውን ደመወዝ በመቶ 20 መቀነሳቸውን አስታወቁ፤ የከፍተኛ ባለሥልጣኖችም ደመወዝ ተቀነሰ። ከተባረሩት አብዛኞቹ በኋላ ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ፍትሐዊነቱም ሊያከራክር ይችላል። ቢሆንም ተማሪውን ክፈል ያለው ሰው አስቀድሞ ከራሱ ኪስ አውጥቶ አሳየ። ተማሪው ሊቆጣ ይችላል፤ ተታለልኩ ሊል ግን አይችልም። በሁለቱም የኢትዮጵያ ታሪኮች ያልተገኘው ይህ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ስጦታ ነበረ፤ ሥልጣንን ማካፈል ግን አልነበረም። በሁለተኛው ዘመን ተማሪው ቀለቡን ተሸክሞ ገጠር ሲወርድ፣ ላኪው የያዘውን ሥልጣን ለሕዝብ አላስረከበም።

ለባለሙያው የሚቀረው

ከላይ ከተነገረው ተነሥቶ፣ ለወጣት የሚነገር ቃል ሁሉ ማታለል ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ባለዕዳነት የማይሰማው የተማረ ሰው ለአገሩ ሸክም ነው። ኢትዮጵያ ድልድዮቿን፣ ግድቦቿንና ትምህርት ቤቶቿን ያገኘችው በብዛት ይህ ስሜት ካደረባቸው ሰዎች ነው። የተሻለ ደመወዝ በውጭ አገር ሲጠብቃቸው ተመልሰው በረሃ ላይ ድንኳን የተከሉ መሐንዲሶችን ያስመጣቸው አደራው ነበር። ጥያቄው አደራ ይነገር ወይስ አይነገር ሳይሆን እንዴት ይነገር የሚል ነው።

መሐንዲስ ጭነት የሚያርፍበትን አፈር ሳይመረምር ምሰሶ አያቆምም። ንግግርንም በዚሁ ሥርዓት በአራት ጥያቄ ሊመረምረው ይችላል። አንደኛ፣ አበዳሪው ማን ነው? ተናጋሪው ራሱን ከአገር ጋር አንድ አድርጎ ካቀረበ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ተናጋሪው ራሱ ምን ይከፍላል? ከሚጠይቀው መሥዋዕት የራሱ ድርሻ ካልታየ ቃሉ መሠረት የለውም። ሦስተኛ፣ አድማጩ መልስ ሊሰጥ ይችላልን? ጥያቄ የማይቀበል ጥሪ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝም ከሆነ ትእዛዝ መሆኑ ይነገር። አራተኛ፣ ዕዳው ልክ አለውን? የሥራው መጠን፣ ዋጋውና ጊዜው ያልተጻፈበት ውል ተዋዋዮቹን ማጣላቱ የታወቀ ነው። ልክ የሌለው ዕዳም ተከፍሎ ስለማያልቅ፣ ቅን የሆነውን ወጣት ወይ ያደክመዋል ወይ ያስመርረዋል።

እነዚህ ጥያቄዎች የአገር መሪዎችን ንግግር ለመመዘን ብቻ የተዘጋጁ አይደሉም። የዚህ ማኅበር አባላት በየዓመቱ በምረቃ በዓል፣ በየትምህርት ቤቱና በየግንባታው ሥፍራ ለወጣቶች ንግግር ያደርጋሉ። ምሕንድስና አገር ይገነባል፤ ኑና አገራችሁን ገንቡ ይላሉ። በየካ፣ በኮተቤና በሌላው የከተማ ክፍል በክፍሉ ወንበር ተቀምጦ የሚሰማው ልጅም እንደ ቀደሙት ተማሪዎች ቃሉን ሳይቀንስ ይወስደዋል። ተመርቆ ሲወጣ ግን የመለማመጃ ቦታ ፍለጋ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር ይታያል። ንግግሩን ያደረገው ሰው የዚያን ጊዜ በየትኛው ቢሮ እንደሚገኝ ወጣቱ ያስታውሳል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው አሳብ ትንሽና ሊፈጸም የሚችል ነው። ለተማሪዎች እንዲናገር የሚላክ አባል ሁሉ ከንግግሩ ጋር አንድ የተወሰነ ነገር ይዞ ይሂድ። በመሥሪያ ቤቱ ለእረፍት ወራት የሚሆን አንድ የመለማመጃ ቦታ፣ በሳምንት የሁለት ሰዓት የሒሳብ ማስጠኛ፣ ወይም ተማሪዎች የሚጎበኙት አንድ የግንባታ ሥፍራ ሊሆን ይችላል። ይህን ሊያቀርብ የማይችል ከሆነ የሙያውን ደመወዝና ድካም እንዳለ ነግሯቸው፣ ጥያቄያቸውን ሰምቶ ይመለስ፤ አደራውን ግን አይጫንባቸው።

የሰሚውን ትዕግሥት ሳያደክሙ ማብቃት የተናጋሪ ግዴታ ነው። በኮተቤ የተቀመጡት ልጆችና በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዘመቱት ወጣቶች የሰሙትን ቃል አክብረዋል፤ ብዙዎቹም ዋጋውን በሕይወታቸው ከፍለዋል። ከዚህ በኋላ ለተማሪ የሚናገር ሁሉ፣ የሚናገረው ቃሉን ሳይቀንስ ለሚቀበል ሰው መሆኑን አውቆ ይናገር።

አመሰግናለሁ ከማለት ይልቅ ጥያቄ መቀበል ይሻላልና፣ መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።